በአንድ ቁና

ሳስካቱን፣ የካቲት፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት፣
መኪናዬ እንደ ላም በገመድ ታስራ፣ ከግድግዳው መብራት፣
ሞተሯ እንዳይደርቅ ቆማ ስትሞቅ፣
እኔ በሦስተኛው ፎቅ፣
“የማዕረግ እድገት ጉባኤ” ከሚሉት ደጅ፣
ላፕቶፕ ታቅፌ ቆሜያለሁ፣ እንደ መጋዘን ልጅ።

ሥራዬ መቁጠር ነው። ከቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣
ማን ስንት ጻፈ፣ ማን ጠቀሰው፣ በስንተኛው ዓመት፣
ለቅሜ፣ ነፍቼ፣ አበጥሬ፣
አቀርባለሁ በአንድ ቁጥር አሳጥሬ።
(የራሴ ጥቅስ ሦስት ነው፤ ከሦስቱም ሁለቱን
እኔው ነኝ የጠቀስኩት፣ አልደብቅም እውነቱን።)

ሰብሳቢዋ ዶሪን መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ገፍታ፣
“በይ እስኪ” አለችኝ፣ የመጀመሪያውን ፋይል ከፍታ።

ዋድዋኒ፣ የልብ ሐኪም፤ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ጽሑፍ፣
ስሙ ከአርባ ስም መሐል፣ እንደ ሠርግ ቤት ሰልፍ፣
አንዱ ደም ቀድቶ፣ አንዱ ቆጥሮ፣ አንዱ ፈርሞ ብቻ፤
ጥቅሱ ስድስት ሺህ፣ በዚህ ሕንፃ የሌለው አቻ።

ዛቦሎትኒ፣ የሒሳብ ሰው፤ በዐሥራ ስምንት ዓመት ዘጠኝ።
“ዘጠኝ?” አለ ዲኑ፣ የሰረቅሁ ይመስል ቀና ብሎ አየኝ።
ብቻውን ጽፎ፣ ብቻውን ሰርዞ፣ ብቻውን ተጨንቆ፤
ጥቅሱ አርባ አንድ፣ ጠብ ብሎ፣ ደርቆ፣ ደግሞ ፈልቆ።

“ቁጥር ራሱ ይናገራል” አለ ዲኑ። ቁጥር አፍ የለውም፤
አፉ እኔ ነኝ፤ እኔም እዚህ ቤት ደፍሬ አላውቅም።

ቢሆንም
ወርቅ በወቄት ነው፣ ጤፍ በቁና፣ ሸማ በክንድ፤
የት ገበያ ታየ ማር በስንዝር ሲነገድ?
በልብ ሰፈር ጠቃሹ እንደ አሸዋ ይበዛል፣
በሒሳብ ሰፈር አንድ መስመር አምስት ዓመት ይረገዛል።
ስለዚህ እያንዳንዱን ለሰፈሩ አማካይ አካፈልኩ፣
ሌሊቱን ሙሉ አጠፋሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ አስተካከልኩ፤
አንድ ነጥብ ሁለት፣ አንድ ነጥብ ሦስት። ለካ እኩዮች ናቸው፣
ዘጠኙና ሁለት መቶው፣ በየሚዛናቸው ሲመዝኗቸው።

ዶሪን ፈገግ አለች። ግጥሙ እዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፣
ሦስተኛ ፋይል ባይኖር።

ሎርና ቤርዲ። የክሪ ቋንቋ የግሥ መዝገብ፣ ሁለት ጥራዝ፣
ዐሥራ አንድ ዓመት በሰሜን መንገድ፣ ቃል ከቃል ስትመዝ።
ጥቅስ፣ ዜሮ።
ዜሮ ለምንም ቢካፈል ያው ነው፤ ቀመሬ እዚህ ቀረ፣ ተሰብሮ።

ማክሰኞ መደርደሪያው ጋ ወርጄ መጽሐፏን አይቼዋለሁ።
ጀርባው ሦስት ጊዜ በፕላስተር ታሽጓል፣
ጠርዙ በጣት ወዝ ጠቁሯል፣
ከ“ያማል” ግሥ ጎን አንዲት ነርስ፣ መሰለኝ፣
በእርሳስ “ክሊኒክ፣ ሰኞ፣ አልጋ አራት” ብላለች፤
ከሥሩ ሌላ እጅ፣ እየተንቀጠቀጠ፣
“አባቴ እንዲህ ይል ነበር።”

በእኔ ቋንቋ “ጠቀሰ” ሁለት ነው፣
አንዱ በብዕር፣ አንዱ በዓይን ነው፤
ስንቱን አውቃለሁ፣ ጥቀሰኝ ልጥቀስህ ተባብሎ፣
በዓይን ተጠቃቅሶ፣ በወረቀት ከብሮ የዋለ፤
ቤርዲን የጠቀሰ የለም፣
በመጽሐፏ አፉን የፈታ ግን አለ።

“ቁጥሩስ?” አለች ዶሪን።
ሳጥኑን ባዶ ትቼው ነበር። ከቦርሳዬ መጽሐፉን አወጣሁ፣
ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፣ ምንም ሳልል ተቀመጥኩ።
ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የልብ ሐኪሞቹ ተወካይ ፕላስተሩን ዳሰሰ።
ዲኑ ጋ ሲደርስ፣ “ይህን የቱ ዓምድ ውስጥ ልጻፈው?” አለ፤
ማንም አልመለሰለትም።
እሱ ግን መጽሐፉን አላሳለፈውም፤
አውራ ጣቱ፣ ሳያውቀው፣ ጠርዙ የጠቆረበት ቦታ ላይ
ልክ ገጥሞ ተቀምጦ ነበር።